ውሃው ስለሚሻማ

መምህሩ ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሻይ እየጠጣ ሳለ፣ ራሱ በሌላ ክፍል ሲያስተምር ሰማ። «ቁጭ በሉ፤ ከኋላ ያላችሁትም ጭምር» የሚል ድምፅ ከግድግዳው ወዲያ መጣ። መጀመሪያ ሬዲዮ መሰለው። ቀጥሎ ድምፁ ጉሮሮውን ጠረገ፤ አንዴ፣ ትንሽ ቆየት ብሎ ደግሞ ሁለተኛ፣ ልክ እሱ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠመኔ ይዞ ሲጠርግ እንደኖረው። የስም ሞክሼ ለማንም ያጋጥማል፤ የጉሮሮ ሞክሼ ግን የለም። ብርጭቆውን ከአፉ ሳያርቅ ደርቆ ቀረ። «ዛሬ የምንሞላው አንድ የውሃ ታንከር ነው» አለ ድምፁ፣ «ሁለት ቧንቧ አለን።» መምህሩ ብርጭቆውን አስቀመጠና እጁን ጉሮሮው ላይ አደረገ፤ የእሱ ጉሮሮ ዝም ብሏል።

ከግድግዳው ወዲያ ያለው ክፍል የእህቱ ነው። ግድግዳ ይባል እንጂ ችፑድ ነው። ቤቱ ድሮ አንድ ሰፊ ሳሎን ነበር፤ እህቱ ከባሏ ተለይታ፣ አንድ ልጇንና አንድ የልብስ ስፌት መኪናዋን ይዛ ስትመጣ ለሁለት ተከፈለና ለእሷ በጓሮ በኩል በር ወጣላት። እንዲህ ባለ ግድግዳ የሚደበቅ ነገር የለም፤ የመኪናዋ ጩኸት ወደዚህ፣ የእሱ ሳል ወደዚያ ያልፋል። ድሮ እሱ ሲያስነጥስ ከወዲያ «ይማርህ!» የሚለው ነበረው። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ፣ ቢያስነጥስ መልስ የለም። እህቱ ጠዋት በር ላይ ስታገኘው «እንደምን አደሩ መምህር» ብላ ታልፋለች። ከሕፃንነቷ ጀምራ «ወንድም ጋሼ» ስትለው የኖረች እህት «መምህር» ስትለው፣ ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ጠቡ የመጣው በፈተና ወረቀት ነው። ትምህርት ቤቱ ሁለት ግቢ አለው። መምህሩ የሚያስተምረው ላይኛው ግቢ ሲሆን የእህቱ ልጅ የምትማረው ታችኛው ግቢ ነው። እዚያ ክፍል ጠቧል ተብሎ «ቅይጥ ትምህርት» የሚባል ከተጀመረ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፤ ልጆቹ ሦስት ቀን ክፍል ይገባሉ፣ ሁለት ቀን ደግሞ ቤታቸው ሆነው በስልክ ይማራሉ። ወላጆች «ትምህርቱ ግማሽ በግማሽ፣ ክፍያው ሙሉ» እያሉ ይቀልዳሉ፤ ቀልደውም ይከፍላሉ። የአንድ ሳምንት የኢንተርኔት ጥቅል ከሁለት ኪሎ ስኳር በልጦ ሲገኝ እህቱ ስኳሩን ተወችው። መምህሩ ያን ግቢ ረግጦት አያውቅም። የታችኛው ግቢ የሒሳብ መምህር ሥራ በዝቶበታል ስለተባለ ግን የስምንተኛ ክፍል የፈተና ወረቀታቸው ለእሱ ይላካል፣ እሱም ያርማል። ስሙን ጠይቆ ለማያውቀው ለዚያ ባልደረባው ያዝንለት ነበር። ወረቀታቸውን የማርመው እኔ ነኝና አድልዎ እንዳይባል ብሎ፣ ቤት ውስጥ የትምህርት ወሬ እንዳይነሳ የደነገገውም ራሱ ነው። እህቱም ልጇን «ጋሼሽን በዘመድነት እንዳታስቸግሪው» ብላ አስጠንቅቃታለች። እንዲህ ሁለቱም ጨዋ ሆነው ነገሩ ሳይነሳ ቀረ።

ታዲያ በዚህ ፈተና አንድ ጥያቄ ነበረች። አንደኛው ቧንቧ ታንከሩን በአራት ሰዓት ይሞላል፣ ሁለተኛው በአሥራ ሁለት ሰዓት፤ ሁለቱም ቢከፈቱ በስንት ሰዓት ይሞላል? መልሱ ሦስት ሰዓት ነው። ከታችኛው ግቢ ሠላሳ አንድ ልጆች አሥራ ስድስት ብለው ጻፉ። መሳሳትስ የተማሪ ወግ ነው፤ ግን ሠላሳ አንዱም ከመልሱ ሥር አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር አስፍረዋል፦ «ሁለቱ ቧንቧዎች ሲከፈቱ ውሃው ስለሚሻማ ጊዜው ይደመራል።» መምህሩ የመጀመሪያውን ሲያነብ ሳቀ፤ የእኔ ቢጤ ቀልደኛ አለ አለ። አምስተኛው ላይ ሳቁ ጠፋ። አሥረኛው ላይ ቀይ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ሌላ ወረቀት አወጣና ሁለት ገጽ ተኩል ሪፖርት ጻፈ፤ ተማሪዎቹ በቡድን ተቀዳድተዋል። ልጆቹ ሲጠየቁ ሁሉም በአንድ አፍ «ቲቸር ነው ያስተማሩን» አሉ፤ የትኛው ቲቸር ሲባሉ የእሱን ስም ጠሩ። ይህ ሲነገረው ደሙ ፈላ። እግሬ ረግጦት በማያውቀው ግቢ? «ተማሪዎቹ ጥፋታቸውን እንደማመን ስሜን በሐሰት እስከ መጥራት ደርሰዋል» የሚል መስመር ጨመረና ፈረመ። ቅጣቱ ቀላል አይደለም፤ የዓመቱ የሒሳብ ውጤት ይሰረዛል፣ ሒሳብ የሌለው ደግሞ ዘጠነኛ ክፍል አይገባም። የእህቱ ልጅ ከሠላሳ አንዱ አንዷ ናት። እህቱ ልትለምነው ስትመጣ «ሕግ ዘመድ የለውም» አላት። ረጅም ጊዜ አየችውና «እሺ መምህር» ብላ ወጣች። ይኸው እስከ ዛሬ።

ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ክሱን የሚያየው ጉባኤ ታችኛው ግቢ ይቀመጣል፤ ከሳሹም ቀርቦ እንዲያስረዳ ተጠርቷል። ሌላ ጊዜ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከቤት የሚወጣው ሰው እስካሁን የቆየው ለዚሁ ነው። አሁን ግን ሻዩን ትቶ ተነሣ፣ በጓሮ ዞሮ የእህቱን በር ገፋ አደረገው። ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ስልኩን ባዶ የስኳር ቆርቆሮ ላይ አስደግፋዋለች፤ የጆሮ ማዳመጫው ገመዱ ተበጥሶ መሬት ወድቋል። ስታየው ብድግ አለች።

«ጋሼ… አልሄዱም እንዴ?»

«ማነው እሱ?» አለ መምህሩ በጣቱ ስልኩን እያመለከተ።

ልጅቷ ስልኩን አየች፤ እሱን አየች፤ መልሳ ስልኩን አየች። የምትፈተን መስሏታል። «እርስዎ ነዎት እኮ» አለች ቀስ ብላ።

«እኔ እዚህ ነኝ።»

«ሒሳብ ሁልጊዜ እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ። ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ። ይኼንን ለክለሳ ነው መልሼ የከፈትኩት። ክፍል ስንገባ ደግሞ በትልቁ ቴሌቪዥን ያሳዩናል።»

«አስተማሪያችሁስ?»

«ተቆጣጣሪዋ አለች። ስንንጫጫ ታቆመዋለች።»

ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው አሁን ወደ ሰሌዳው ዞሯል። የለበሰው ቡናማ ኮት ነው፤ መምህሩ ያን ኮት ለወንድሙ ልጅ ከሰጠው ዓመት አልፎታል። ነገሩ ቀስ እያለ ገባው። ካቻምና የትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ እሱ በሚያስተምርበት ክፍል የኋላ ግድግዳ ላይ ካሜራ ሰቀለ፤ ታመው ለሚቀሩ ልጆች ነው ተባለ። እሱም ደስ ብሎት ነበር። እንዲያውም ካሜራ አለ ብሎ ሻል ያለ ኮት መልበስ የጀመረው ያኔ ነው። «ከመጀመሪያው አጫውቺው» አላትና እህቱ ስትሰፋ የምትቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠ።

እዚህ ላይ የመምህሩን አመል ማወቅ ያስፈልጋል። ላይኛው ግቢ ልጆቹ ያወጡለት ስም «ያዙኝ» ነው። ቁጡ ሆኖ «ያዙኝ ልቀቁኝ» ስለሚል አይደለም፤ በየክፍለ ጊዜው አንዴ ሆን ብሎ ስለሚሳሳት ነው። ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ የማይሆን ነገር ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ ምክንያት ይደረድርለታል፤ «ይህን ልብ በሉ» ይላል። ከዚያ ይጠብቃል። መጀመሪያ ሹክሹክታ፣ ቀጥሎ ሳቅ፣ ቀጥሎ «ቲቸር ተሳስተዋል!» የሚል ጩኸት ይነሳል። ያን ጊዜ ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ «ተያዝኩ!» ይላል፤ የያዘው ልጅ ሰሌዳው ጋ ወጥቶ ያርማል። አስተማሪውን የያዘ ልጅ ትምህርቱን አይለቀውም፤ እምነቱ ይህ ነው። በዓመት መቶ ጊዜ ይሳሳታል፤ የተናገረውን ቀልድ ግን ከክፍሉ በር ሳያልፍ ይረሳዋል።

በስልኩ መስታወት ውስጥ ያለው መምህር አንደኛው ቧንቧ በሦስት ሰዓት፣ ሁለተኛው በስድስት ሰዓት ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ዘጠኝ ብሎ ደመረ። ዘወር አለ፤ ኮስተር ብሏል። «ሁለቱ ቧንቧዎች ሲከፈቱ ውሃው ስለሚሻማ ጊዜው ይደመራል። ይህን ልብ በሉ።» መምህሩ የገዛ ከንፈሩ ጫፍ ሳቅ ልትል ስትል አያት። ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል፤ አሁን ይጮኻሉ፣ አሁን እጄን እሰቅላለሁ፣ አሁን አንዷ ወጥታ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ የፊተኛው ሲሶውን፣ የኋለኛው አንድ ስድስተኛውን፣ ሁለቱ አንድ ላይ ግማሹን ይሞላሉ፣ ስለዚህ ሁለት ሰዓት ብላ ታሳያለች። ምስሉ ብልጭ አለ። ሰሌዳው ንጹሕ ሆነ። ኮት የለበሰው ሰው «የቤት ሥራ» ብሎ ይጽፋል። ጫጫታው ተቆርጧል፤ እውነቱም ከጫጫታው ጋር ተቆርጦ ሄዷል።

«መልሺው» አለ። መለሰችው። ብልጭ። «መልሺው።» ብልጭ። ልጅቷ ደብተሯን ገልጣ ሰጠችው። በማስመሪያ የተሰመረ ሳጥን ውስጥ፣ በቀይ፣ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ፦ «ልብ በሉ፦ ውሃው ስለሚሻማ ጊዜው ይደመራል።»  የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእሱ ወለምታ ደግሞ ተቀድቶ፣ ተባዝቶ፣ በየቤቱ ገብቶ አድሯል። ልጆቹ አልዋሹም። «ቲቸር ነው ያስተማሩን» ሲሉ አንዲት ቃል አልጨመሩም፣ አልቀነሱም። ሐሰተኛ ብሎ የፈረመባቸው እሱ ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ።

«እኛ… የሚያውቁ ነው የመሰለን። እርስዎ አይደሉ ያስተማሩት?» አለች ልጅቷ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። «እማዬም እንደሱ ነው የምትለው። አስተምሮ ሲያበቃ መልሶ ይከሳል ብላ አለቀሰች።»

 ሦስት ሳምንት ሙሉ እህቱ የተቀየመችው ሕግ አከበርኩ ያለ ግትር ወንድሟን መስሎት ነበር፤ ለዚያስ ጊዜ ይፈታዋል ብሎ ትቶት ነበር። እሷ ግን በዚያች ችፑድ ማዶ ተኝታ ስታስብ ያደረችው፣ በገዛ አፉ ያስተማረውን መልሶ ወንጀል አድርጎ የእህቱን ልጅ ስለሚያንቅ ሰው ነው። እህቱ የሰፋችውን ልታስረክብ ወደ ሄደችበት ሱቅ ሦስት ጊዜ ደወለ፤ ሦስቱንም ዘጋችበት።

ታችኛው ግቢ ሲደርስ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ገና ከሩቅ ሲያየው ከዱካው ተነሥቶ ዓይኑን አፈጠጠ። «ቲቸር! በአካልም አሉ እንዴ?» አለና ከላይ እስከ ታች ካየው በኋላ፣ በትሕትና፣ «በአካል ግን አጠር ይላሉ» ብሎ ጨመረ። ሌላ ቀን ቢሆን ይስቅ ነበር። ግቢው ጠባብ ነው፤ አንድ ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃ፣ አንድ የውሃ ቧንቧ፣ በአንድ መስመር የተሰጡ የመወልወያ ጨርቆች። በመጀመሪያው መስኮት አጮልቆ ሲያይ አርባ የሚሆኑ የሰባተኛ ክፍል ልጆች ደብተራቸው ላይ አቀርቅረዋል። ከፊታቸው፣ ሰሌዳ መኖር ባለበት ቦታ፣ እሱ ራሱ በሰው ቁመት ልክ ቆሞ ክፍልፋይ ያስተምራል። ከቴሌቪዥኑ ጎን ተቆጣጣሪዋ ሪሞቱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠ አንድ ልጅ ቀና ብሎ አየው። ቴሌቪዥኑን አየ፣ እንደገና እሱን አየ። ከዚያ፣ ፈተና የሚመጣው ከየትኛው እንደሆነ ስለሚያውቅ፣ ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለሰ።

የሁለቱንም ግቢ የሚመሩት ዳይሬክተር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሴት ናቸው። ወንበር ሰጡት፣ ውሃ አስመጡለት፣ እስኪጨርስ ድረስ ሳያቋርጡ አዳመጡት። ሲጨርስ እስክሪብቶአቸውን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካክለው አስቀመጡ።

«ሰሌዳው ላይ የጻፈው እጅ የእርስዎ ነው አይደል?»

«የእኔ ነው፤ ግን ቆርጣችሁታል። እርማቱን ቆርጣችሁ…»

«ጫጫታ ይውጣ ነው ያልነው። አንድ ትምህርት ከአሥራ አምስት ደቂቃ መብለጥ የለበትም። መቼም ባለሙያው ሒሳብ አያውቅ፤ የትኛው ጫጫታ የትምህርት እንደሆነ በምን ይለያል?» አሉ፤ እውነታቸውንም ነው የሚመስለው። ከዚያ ድምፃቸውን ይበልጥ ዝቅ አደረጉ። «ይህ ነገር ጉባኤው ላይ ቢነሳ ወላጅ ምን እንደሚል ያውቃሉ። ግቢው ይዘጋል፤ አርባ ሠራተኛ ይበተናል። እኔ ደግሞ ቤተሰብ መሆን ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ዝርዝሩ እኔ እጅ ነው። የእህትዎ ልጅ ወረቀት በስህተት ነው የገባው ብንል… ሠላሳ ይሆናሉ። ማንም አይቆጥርም።»

 መምህሩ በገዛ ልቡ ደነገጠ። አፉ እምቢ ከማለቱ በፊት ልቡ እሺ ብላ ነበር። ማታ ቤት ገብቶ «ተስተካክሏል» ሲል፣ ከግድግዳው ወዲያ ያ ዝምታ ሲሰበር፣ «ወንድም ጋሼ» ሲባል ታየው። የሌሎቹን ሠላሳ ፊት አያውቀውም፤ ፊቱን የማያውቁትን ሰው መበደል ቀላል ነው፣ ሦስት ሳምንት አድርጎት የለ! ሳይመልስ በመቆየቱ ዳይሬክተሯ የተስማማ መስሏቸው ፈገግ አሉ። ከዚያ ተነሣ። «ስምንት ሰዓት እመጣለሁ» ብሎ ወጣ፣ ግቢው ውስጥ ያለች አንዲት ድንጋይ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጠ። ልጆቹ ለእረፍት ሲወጡ ከሩቅ ከበው ያዩታል፤ የሚጠጋው ግን አልነበረም።

ጉባኤው አምስት ሰው ነው። በወላጆች ተወካይነት የመጣው የቤት ዕቃ ሠሪ ነው፤ የክንዱ ፀጉር ላይ የእንጨት ብናኝ እንዳለ ከሥራ ቀጥታ መጥቷል። ጸሐፊዋ ሪፖርቱን አነበበች። መምህሩ የገዛ ዓረፍተ ነገሮቹ አንድ በአንድ ሲወርዱበት ሰማ፤ «በቡድን የተቀነባበረ»፣ «ዓይን ያወጣ»፣ «ለሌሎች መቀጣጫ ይሆን ዘንድ»። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ማለት ለካ ይህ ነው። ስታበቃ ብድግ አለ። «ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ። «ስህተቱን ያስተማርኳቸውም እኔ ነኝ። ልጆቹ እውነት ነው የተናገሩት፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ሳላውቅ።» ጠዋት ይዞት የወጣውን የእህቱን ልጅ ስልክ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው መሃል አስቀመጠው። አምስቱም አንገታቸውን አስግገው አዩ። 

ቪዲዮው ሲያልቅ ዕቃ ሠሪው ጭንቅላቱን አከከ። «ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ስህተቱ የቱ ጋ ነው? እኔ እኮ አመንኩ» አለ።

«አንድ ጠረጴዛ ብቻህን በሦስት ቀን ትሠራለህ እንበል» አለው መምህሩ። «ልጅህ መጥቶ ቢያግዝህ ዘጠኝ ቀን ይፈጅብሃል?»

«የእኔ ልጅ ከሆነ አዎ» አለ ዕቃ ሠሪው፤ ጸሐፊዋ ሳቀች፤ ዳይሬክተሯም ሳይቀሩ ፈገግ አሉ። እሱ ግን ሳቁ መሃል ላይ ቆመበት። እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፣ ስልኩን አየ፣ መምህሩን አየ። «ቆይ» አለ። «ቆይ እስቲ። ይህ ሰውዬ ይህን ግቢ ዛሬ ነው የረገጠው? ታዲያ እኛ ሁለት ዓመት ስንከፍል የኖርነው ለማን ነው? ለቴሌቪዥን?» ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙ ጩኸትና ትንሽ ሥራ ነው። የሠላሳ አንዱ ልጆች ክስ ተነሣ፤ ጥያቄዋ ለሁሉም ተሰረዘች፤ የዓመቱ ውጤታቸው ጸና። መምህሩ ሪፖርቱን ተቀብሎ አራት ቦታ ቀደደው።

ሲወጣ ዳይሬክተሯ ኮሪደሩ ላይ ጠበቁትና ፖስታ ሰጡት። ደብዳቤው ቀድሞ የተተየበ ነው፤ ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ከነገ ጀምሮ ከማስተማር ታግዷል። እንደሚቀጣ ጠርጥሮ ነበርና አልገረመውም። «ልጆቼስ?» አለ፤ ላይኛው ግቢ ያሉትን ማለቱ ነው። «ማን ሊያስተምራቸው ነው?»

«አይጨነቁ መምህር» አሉ፣ ከልባቸው ሊያጽናኑት። «ትምህርቱ አይጓደልም። እርስዎ አሉ እኮ።»

ቤት ሲደርስ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው። ወሬው በልጅቷ የክፍል ጓደኞች አፍ ቀድሞት ገብቷል። በራሱ በር አልገባም፤ በጓሮ ዞሮ የእህቱ በር ላይ ቆመ። እህቱ ከስፌት መኪናው ኋላ ተነሣች። የምትሰፋው የተማሪ ሸሚዝ እጇ ላይ ነው። ወንበሩ ላይ የተቆለለውን ጨርቅ በሁለት እጇ አቅፋ ወደ አልጋው ወሰደችና «ተቀመጥ» አለችው። ተቀመጠ። «አታውቅም ነበር?» አለች ፊቷን ሳትመልስ። «አላውቅም ነበር» አላት። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየ። ሻይ አፈላች፤ ሦስቱም ዳቦ ቆርሰው በሉ። ሦስት ሳምንት አብረው አልበሉም ነበርና ማን ቀድሞ እንደሚናገር ጠፋቸው።

ዝምታው ሲከብደው መምህሩ እንደ ልማዱ አስተማሪ ሆነ። «አንቺ ግን» አላት ልጅቷን፣ እየቀለደም እየተቆጣም፣ «ሁለት ቧንቧ ተከፍቶ ታንከሩ ይዘገያል ሲባል፣ ዝም ብለሽ ትጽፊያለሽ? ላይኛው ግቢ ብሆን ጣሪያው እስኪነቀል ይጮኹብኝ ነበር። ከአርባ ልጅ አንድ እንኳ እንዴት አይጠይቅም?»

«ጠይቀናል እኮ» አለች ልጅቷ።

«ማንን?»

«እርስዎን።»

ስልኩን ተቀብላው ቪዲዮውን ወደ ታች ገፋችው። ከሥሩ የጥያቄ ቦታ አለ። መምህሩ መነጽሩን አደረገ። «ቲቸር፣ ሁለት ቧንቧ ከተከፈተ መፍጠን የለበትም?» የሚል አለ፤ ቀኑ አራት ወር አልፎታል። «ቲቸር ይቅርታ ያድርጉልኝና የተሳሳቱ መሰለኝ።» «ቲቸር ቤታችን ሞክሬው ፈጥኖ ሞላ።» «ቲቸር ተሳስተዋል!!!» ቆጠራቸው፤ አሥራ ዘጠኝ ናቸው። አሥረኛዋን የጻፈችው የእህቱ ልጅ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሊሰማው ሲል እየተሳሳተ የኖረለትን ጩኸት፣ እሱ ፊታቸውን አይቶ የማያውቃቸው ልጆች በየቤታቸው ሆነው ጮኸውት ኖሯል። ይዘውታል። በእያንዳንዱ ጥያቄ ሥር ደግሞ በእሱ ስም፣ ከትንሽ ፎቶው ጋር፣ መልስ ተሰጥቷል፤ ሁሉም አንድ ነው፦ «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው! እንደተማራችሁት ሥሩ። በርቱ!»

«ስለዚህ እንደተማርነው ጻፍነው» አለች ልጅቷ።

 መምህሩ ያቺን «ቲቸር ተሳስተዋል» ደጋግሞ አነበባት፣ የጻፋትን ልጅ አያውቀውም፣ ቢያገኘው እግሩ ላይ የሚወድቅለት ይመስለዋል። ከዚያ በአውራ ጣቱ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመ፣ በእህቱ ልጅ ስም ጻፈ፦ «ልጆች፣ ይህ ትምህርት ስህተት ነው። መልሱ ሁለት ሰዓት ነው። የያዛችሁኝ ሁሉ ልክ ነበራችሁ። የምጽፈው አስተማሪው ራሴ ነኝ።» አንብቦ አረመው፣ ላከው። እህቱ ከኋላው መጥታ በትከሻው ላይ አጎንብሳ ታነባለች፤ ትንፋሿ ጆሮው ላይ ይሰማዋል። ስልኩን ለልጅቷ ሊመልስ እጁን ሲዘረጋ እጁ ላይ እንዳለ ነዘረ። ቡናማ ኮት የለበሰው ፎቶው ብቅ ብሏል።

«በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው! እንደተማራችሁት ሥሩ። በርቱ!»